እያነከሰ የወጣው መቺ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ገና አልወደቀም፣ ለንደን ቅጠል የሚረግፍበት ወር ነበር። ከዚያ በላይ ብትጠይቁኝ መዋሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት ቶተንሃም አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በመጣው አውቶቡስ ጎን ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ ያነሳ የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። ሳየው ፈዝዤ ቀረሁ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ያን ጊዜ እዚያው ሰፈር በአንድ ቤት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ስልክ ለቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ኮሪደር ላይ። ታናሽ ወንድሜ ሚካኤል አፈሳ ሸሽቶ ከአስመራ በእግሩ ወደ ሱዳን ከወጣ ወራት አልፈዋል። ካርቱም ያለው ያክስታችን ልጅ እሁድ ከቀትር በፊት እንደሚደውል በሰው አስነገረኝ። ስለ ሚካኤል ግን ምንም አላለም።

እሁድ ነጋ፤ መቀመጥ አቃተኝ። ወርጄ ስልኩን አነሳና መሥራቱን ቼክ አደርጋለሁ። ወዲያው ደግሞ በዚህች ቅጽበት ደውለው ተይዞባቸው ቢሆንስ እያልኩ እሳቀቃለሁ። በሩን ከፍቼ እወጣለሁ። ውጭ ያካፋል፣ ከጎረቤት የእሁድ ሥጋ ሲጠበስ ይሸታል፣ እርጥቡ ቅጠል ያንሸራትታል። ስልኩ የጮኸ ይመስለኝና ተመልሼ እሮጣለሁ።

በመጨረሻ ከታችኛው ክፍል ሽማግሌው ጎረቤቴ ወጡ። እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው። አስመራ ሳሉ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ የቤዝቦል ፍቅር ከዚያ ተጣብቶባቸው ቀረ። ጀርመን ያሉትን የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ እየሰሙ፣ ጠዋት ላይ ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ ይተርካሉ።

"ና እዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጥ። ሊነጋጋ ሲል የሰማሁት ጉድ ነው!" አሉኝ።

ክራባት አስረዋል። ክራባቱ አስደነገጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ማዶ ቤት የሚኖሩት እትዬ ለተብርሃን ነጠላ ለብሰው፣ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። "መጀመሪያ ቅመስ" አሉኝ። በቃ፣ ገባኝ። በእኛ ልማድ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ለሽማግሌ ነው የሚደወለው፤ እሳቸው ሰው ይዘው ይመጣሉ፣ ያስበሉሃል፣ ወሬ ያወሩልሃል፣ ከዚያ ይነግሩሃል።

ጋሼ ቀጥለዋል። "የመጨረሻው ዙር ነው። ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው። አንድ መቺ ብቻ ከጨዋታ ውጭ ከሆነባቸው አለቀ። ይኼኔ ሁለት እግሩን የታመመ፣ ዛሬ አይጫወትም የተባለ ሰው ዱላውን ይዞ እያነከሰ ወጣ…"

"ጋሼ፣ ይብቃዎት! ሚካኤል ሞቷል አይደል? ይንገሩኝ!"

እትዬ ለተብርሃን አማተቡ። "በስመ አብ! ምን ይላል ይሄ?"

"ታዲያ ክራባቱ ምንድን ነው?"

"ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነበራ!" አሉ ጋሼ። "በሩን ስትከፍት ስትዘጋ ሰምቼ እንዴት ጥዬህ ልሂድ? ቅዳሴው አመለጠኝ።"

"እኔም ከዚያው መምጣቴ ነው" አሉ እትዬ። "ሕምባሻውን ካልፈለግከው መልስልኝ።"

ስልኩ ጮኸ። የደረጃውን መደገፊያ ጨብጬ ያዝኩ። ጋሼ በብብቴ ይዘው አቆሙኝና እጀታውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ሄሎ? ሄሎ?" ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ። ራሱ ሚካኤል ነበር። "ደርሻለሁ። ጫማዬ ብቻ ነው መንገድ የቀረው" አለኝ። ሌላ ሳይጨምር መስመሩ ተቋረጠ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ሕምባሻውን ጨረስኩት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ "አንካሳውስ?" አልኩ።

ጋሼ ተነሱ። ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በዚያች ጠባብ ኮሪደር እንደ ዱላ አወናጨፉት።

"አምፖሉን!" ጮኹ እትዬ።

"ኳሷ ተመልካቹ መሐል ገባች! እንዲህ ከመታህ ደግሞ መሮጥ የለም፤ ሜዳ ላይ የነበረው ጓደኛው ቀድሞ ገባ፣ እሱም እያነከሰ ሜዳውን ዞሮ ገባ፣ ሁለት ነጥብ! አሸነፉ!"

ሚካኤል ዛሬ እዚሁ ለንደን፣ ክላፋም ይኖራል፤ የልጅ ልጆች አይቷል። እኔ የቤዝቦልን ሕግ እስካሁን በቅጡ አላውቀውም። መጠበቅም አልለመድኩም፤ ሐኪም ቤት እንኳ ስሜ እስኪጠራ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ያን እሁድ ግን ብቻዬን ብሆን ኖሮ እኔ ውጭ ሳለሁ ስልኩ ባዶ ቤት ሲጮህ ይቀር ነበር። ቅዳሴያቸውን ትተው ደረጃ ላይ ያስቀመጡኝ ሰው አቶ ስብሃቱ ገብረመስቀል ይባላሉ።