ሳይጠሩ የቀሩት ካቸር

በቀደም ሴንት ፖል ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት ዕቃ ክፍሉን ሳስተካክል ከአንድ ካርቶን ሥር ያረጀ የቤዝቦል ጓንት ወጣ፤ የቆዳውና የደረቀው ላብ ሽታ በልጅነቴ ወደኖርንበት ፊሊፕስ ሰፈር ወዳለው አፓርታማ፣ ወደ ሚስተር ዋልተር በር ወሰደኝ።

ከእኛ በታች ምድር ቤት የሚኖሩት እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በደመወዝ የተጫወቱ ካቸር ነበሩ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ካቸር ዱላ ከያዘው ተጫዋች ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ ይቀልባል፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወርም በጣቶቹ ምልክት ያዛል። የእሳቸው ጣቶች ግን ኳስ እየሰበራቸው እንደ ዝንጅብል ተጣመሙ፤ ወርዋሪዎቹ ምልክቱን መለየት ሲያቅታቸው ክለቡ አሰናበታቸው። ሥራው ያጣመመው እጅ ለሥራው አይሆንም ተባለ።

እናቴ በተዋወቀቻቸው ቀን ለሰላምታ የእጃቸውን አንጓ ሲዘረጉላት፣ እንደ አገራችን ሰው ከማዕድ የተነሱ መስሏት "ውይ ጋሼ፣ ምግብ ላይ ደረስኩ! ሶሪ፣ ሶሪ!" እያለች አፈገፈገች። ጣታቸው ሲጨበጥ እንደሚያማቸው የገባን ቆይቶ ነው።

አንድ የሰመር ወቅት ያ ክለብ የድሮ ተጫዋቾቹን ስም እየጠራ ሜዳ ላይ ሊያመሰግን መሆኑን ሚስተር ዋልተር በሬዲዮ ሰሙ። "እኔንም ይጠሩኛል" አሉ። ሱፋቸውን አስተኮሱ፤ አባቴ እኔንም ጨምሮ በመኪናው ወደ ስታዲየሙ ወሰዳቸው። ድምፅ ማጉያው በተንኮሻኮሸ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ፤ ጭብጨባው ግን ለሌላ ሰው ይሆናል። የመጨረሻው ስም ተጠርቶ ጨዋታው ሲጀመርም እንደቆሙ ነበሩ።

"ሽማግሌው፣ ቁጭ በል እንጂ፣ ከለልከን!" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

አባቴ ዞሮ "እዚህ ሜዳ ላይ ተጫውተዋል እኮ!" ሲል ጮኸበት። ሚስተር ዋልተር የአባቴን ትከሻ ነካ አድርገው ተቀመጡ። ስንመለስ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለውን ጎዳና በሙሉ በመስኮት ያዩ ነበር።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። "እሺ ጋሼ፣ ተጠሩ?"

"አዎ" አሏት፤ "መጀመሪያ እኔን ነው የጠሩት።"

እናቴ እልል አለች፤ ደረጃው በእልልታዋ አስተጋባ፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱ፤ እኔና አባቴ መሬት መሬቱን አየን።

ዛሬ እሳቸውም አባቴም የሉም፤ እናቴ ሜፕልዉድ ካሉት ጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ስማቸው በስታዲየም ስለተጠራው ጎረቤቷ አሁንም በኩራት ታወራለች። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።