የህንዱ ንጉሥ ከቤታችን ሲወጣ

ባለፈው ቅዳሜ ቤክስሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ለሽያጭ ከተዘረጋው አሮጌ ዕቃ መካከል አንድ ካርቶን ስከፍት፣ እርጥበት የጠጣ የወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ጆሮዬ ሳላዘው የወንድሜን ትንፋሽ መፈለግ ጀመረ።

ልጆች ሳለን በስደት በኖርንበት በዋይትሆል ሰፈር አፓርታማ ያ ሽታ የአባዬ መጻሕፍት ነበር። አባዬ ደሴ ተማሪ እያለ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ስለ አገሩ ተዋጊ ንጉሥ በየሳምንቱ ይተርክላቸው ነበር፤ ታዲያ ንጉሡ በጠላቱ ከተማ ታግቶ፣ ታመምኩ ብሎ ለድሆች በሚልከው የጣፋጭ ቅርጫት ውስጥ ተደብቆ ሊወጣ ሲል፣ አስተማሪው ውሉ አለቀና ወደ አገሩ ተመለሰ። አባዬ ቅርጫቱ በሩን ይለፍ አይለፍ ሳያውቅ አደገ። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ከኤርፖርት የካርጎ ሥራው ሲወጣ እንዲህ ያለ የደጃፍ ሽያጭ እየዞረ የዚያን ንጉሥ አሮጌ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ይለቅም ነበር። አንዱ መጽሐፍ ጠባቂዎቹ ቅርጫቱን ፈተሹት ይላል፣ ሌላው አልፈተሹትም ይላል፣ አባዬም እውነቱን ላግኝ ብሎ ሌላ ይጨምራል። እማዬ ንጉሡን ኪራይ እንደማይከፍል ደባል ቆጥራ «ያ ህንድህ» ትለው ነበር።

ቅጠሉ ረግፎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሂተሩ ሲበራ፣ የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ያሲን ማሳል ጀመረ። እማዬ መጀመሪያ ላይ «ልጅና ፊት አይበርደውም» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። በረዶው ሲመጣ ግን ደረቱ ያፏጭ ጀመር፣ ደረጃ መውጣትም አቃተው። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ ፉጨቱን እየሰማን እንፈራለን፣ ፉጨቱ ሲቆም ደግሞ ይብስ እንደነግጣለን። አንድ ቀን ከንፈሩ ጠቁሮ በአምቡላንስ ተወሰደ። ሐኪሟ ቤታችሁ ሻጋታ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ እማዬ አባዬን አየችው፣ አባዬ መሬት መሬቱን አየ።

አባዬ መጻሕፍቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ሳሉ ተመለሰ። ያኔ እማዬ ጎረቤታችንን ጋሼ ሰይድን ለሽምግልና ጠራች። ጋሼ ሰይድ የፈረሰ ትዳር ሊያስታርቅ ተዘጋጅቶ መጥቶ፣ የጠቡ ምክንያት የህንድ ንጉሥ መሆኑን ሲሰማ ግራ ገብቶት ነበር፤ ኋላ ግን ሶፋው ላይ የመድኃኒት ጭምብል አጥልቆ የተቀመጠውን ያሲንን ብዙ አየው።

«አንተዬ» አለው አባዬን፤ «ንጉሥህ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ለእሱ አትፍራለት። ለዚህ ልጅ ፍራ።»

አባዬ ተነሥቶ ልብሱን ከልብስ ቅርጫቱ ገለበጠና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ደረደረበት። እማዬ በሩን ከፍታ ቆመች። አባዬ ቅርጫቱን ተሸክሞ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ያሲን ጭምብሉን ከፍ አደረገና፣

«አባዬ፣ ንጉሡ ኤስኬፕ እያደረገ ነው?» አለ።

አባዬ ቆመ። «አዎ፣ እያመለጠ ነው። ዝም በል፣ ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙ።»

እማዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ያኔ አባቴን የወደድኩትን ያህል ማንንም ወድጄ አላውቅም። በመስኮት ሳየው ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቅርጫቱን እንደታቀፈ ብዙ ቆየ፣ ሲመለስም ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ዛፎቹ ቅጠል ሲያወጡ ያሲን ደረጃውን እየሮጠ ይወጣ ነበር።

ዛሬ የራሳችን ቤት አለን፣ ምንም አይሸትም። እነዚያ አሮጌ መጻሕፍት ስልክ ውስጥ ይገኛሉ፤ የአባዬ ዓይን ስለደከመ ያሲን እሑድ እሑድ እየመጣ ያነብለታል። አባዬ ሽታ የሌለው መጽሐፍ ምን መጽሐፍ ነው ብሎ ያጉረመርምና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የድሮ ሰው ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፣ ያሲን ግን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል።

ካርቶኑን ዘግቼ በተመለስኩ ማግስት ያሲን የቅርጫቱን ምዕራፍ አነበበ። እኔ ወጥ ቤት ስለነበርኩ አልሰማሁም፤ ሲጨርስ አባዬን በዚህኛው መጽሐፍስ ቅርጫቱን ፈተሹት ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለኝ፤ «እኔ የያሲንን ትንፋሽ ነበር የማዳምጠው።»