የጋቢው ቋጠሮ

ሰኞ ጠዋት ከባሕር ዳር በጭነት መኪና ተነሣሁ። በከረጢቴ ውስጥ ስንቅና ገና ያልታተመ የራሴ ልብ ወለድ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቆሰበር ሳስተምር ሽፍቶች ይዘውኝ፣ አለቃቸው የታሰረው ወንድሙ ካልተፈታ እንደሚገድለኝ ዝቶ ነበር። መጽሐፉ ስለዚያ ነው፤ ይልቁንም ከሽፍቶቹ መካከል እስረኛ ሳለሁ ስለጠበቁኝ ስለ አያ ዳኜ። ምሕረት አግኝተው ጥርባ ሐይቅ አጠገብ እንደሚያርሱ ሰማሁ። እሳቸው ካልፈቀዱ ላላሳትመው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ዳንግላ፣ ቀትር ላይ

በስሙኒ ጋሪ ተሳፍሬ ገበያ ሄድሁ። ባለጋሪው ፈረሱን በአገውኛ ይሰድባል፣ እኔን በአማርኛ ያጫውታል። ለአያ ዳኜ ወፍራም ጋቢ ገዛሁ።

ጋቢውን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ያኔ ገመድ ስላልነበራቸው፣ እንዳላመልጥ የጋቢያቸውን ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ይቋጥሩት ነበር፤ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እንደሚቀርቡት። እሳቸው ሲያስላቸው እኔ እነቃለሁ። ቆሏቸውን ሳያካፍሉኝ ቀምሰው አያውቁም።

ማክሰኞ፣ ጥርባ

ቆሰበር አድሬ፣ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በልቼ፣ በኪራይ ፈረስ ወጣሁ። ያኔ ሽፍቶቹ የደበቁኝን የቀርከሃ ጫካ ሳይ ልቤ ደነገጠ። አያ ዳኜን ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። እያነከሱ መጥተው አቀፉኝ፤ ማነከሱ የእርጅና መሰለኝ።

ማንበብ ስለማይችሉ አጥሩ ሥር ተቀምጠን አነበብሁላቸው። እየሳቁ ሰሙኝ። መጨረሻው ላይ ደረስሁ፤ ልገደል አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ጠባቂዬን እንቅልፍ ወሰደው፣ ቋጠሮው ላልቶ አገኘሁትና ሮጥሁ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ አይታተምም» አሉ።

የሁለት ዓመት ድካሜ ውኃ በላው ብዬ ደነገጥሁ። ምን እንዳስከፋቸው ጠየቅሁ።

«አልተኛሁም። የፈታሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም በተሳሳተው በኩል ስትሮጥ አይቼ ተናድጃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አለቃዬ እንደማይምረኝ ታውቃለህ። ብነግርህ ትተኸኝ አትሄድም ነበር።»

እግራቸውን አየሁ፤ ማነከሱ የእርጅና አልነበረም። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። እሳቸው ግን ወደ ወረቀቱ እያመለከቱ፣ ጥበቃ ላይ ተኛ መባልን ብቻ አውጣልኝ፣ ሌላው ይታተም አሉኝ።

ስሄድ አዲሱን ጋቢ ደርበው፣ ጫፉን ከጋቢዬ ቋጥረው፣ እስከ ሐይቁ አፋፍ ሸኙኝ። እዚያ ቋጠሮውን መፍታት አቃተኝ፤ አሁንም የፈቱት እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ቤቴ ገብቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀደድሁና እንደ አዲስ ጀመርሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ዕድሌን ሳመሰግን ኖሬአለሁ። ዕድሌ ጥርባ ላይ እያነከሰ ድንች ይቆፍር ነበር።