ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ

ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ስነዳ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ልብህ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል ተብዬ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ቀኑ እስኪደርስ ግን ሥራዬን አላቆምኩም።

ሳምንት ሲቀረኝ አንድ ሽማግሌ ጋቢና ገቡ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር መያዣውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ላረጋጋቸው ብዬ፣ ልቤን ስለሚከፍቱልኝ፣ ገና በዓይኔ አይቻቸው ስለማላውቃቸው ዶክተር አወራሁላቸው።

"የኩታበር ገበሬ ልጅ ናቸው። ባሕር ማዶ ተምረው መጥተው፣ ሰው ሁሉ አይሆንም ሲላቸው፣ ልብ መክፈትን እዚህ አገር የጀመሩት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ንቅንቅ አይልም አሉ፤ እንደ እርስዎ አይደሉም!"

"ልጄ፣ በፈጠረህ ቀስ በል!" አሉኝ።

"አይስጉ አባባ! ወላሂ፣ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው!" አልኩና አንድ ሲኖትራክ ቀደምኩላቸው። ደሴ ስንደርስ ሳይሰናበቱኝ ወረዱ።

በሳምንቱ ቀዶ ጥገና ክፍል ተጋድሜ ሳለሁ ዶክተሩ ገቡ። አፋቸው ተሸፍኗል፤ ዓይናቸውን ግን አወቅሁት።

"ዶክተር፣ በአላህ፣ ቀስ ይበሉ!" አልኩ።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"አትስጋ ልጄ፤ እኔም ይህን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው።"