ስማዳ ገና የማይጫወቱበት ምክንያት

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ መምህር ሆኜ ስማዳ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለዚህ ነገር አልቅሼ አላውቅም። ግን ገና በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የተወለድኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ከገባ ወንዱ ሁሉ ሐሳቡ የገና ጨዋታ ነው። ቆልማማ ዱላ ይቆረጣል፣ ከእንጨት ሩር የሚባለው ኳስ ይጠረባል፣ ደብተራው ሳይቀር ጋቢውን ጥሎ ሜዳ ይገባል።

ስማዳ ጎረቤታችን ነው። እኔ የተመደብኩት ከከተማው ከወገዳ ወዲያ ባለ አጥቢያ ነበር። ገና ሲደርስ ግን ዱላ የሚቆርጥ ሰው አጣሁ። ስጠይቅ «እዚህ አልተለመደም» ይሉኛል። «የእስቴ ሰው ጨዋታ ይወዳል፣ እኛ ሥራ» ብሎ የቀለደብኝም አለ።

እኔም ዱላ ቆርጬ፣ ሩር ጠረብኩና በበዓሉ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሜዳ ወረድኩ። አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው ይከተላል ብዬ ነው።

ሁለት ጊዜ እንደመታሁ ቤት ያከራዩኝ አያ ደምሌ ሮጠው መጡና ዱላውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ተው መምህር! በእግዜር ተው!»

ወዲያው ከሜዳው ዳር ካለችው ጎጆ አንዲት አሮጊት ወጡ። እመት ጥሩነሽ ይባላሉ።

«ደምሌ፣ ማነው የሚጫወተው?»

«መምህሩ ነው እመት። እንግዳ ነው፣ ሳያውቅ ነው።»

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ልጄ እዚህ ላይ ነው የወደቀው። ደምሌ የመታው ሩር ጆሮ ግንዱን አገኘው። ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል» አሉኝ። ድምፃቸው ስለ ገብስ አጨዳ የሚያወሩ ይመስል ነበር።

ከዚያ ለአያ ደምሌ፣ «ጨዋታውን ተዉ ግን መቼ አልኩ?» አሉ።

«አንቱን እንዳይከፋዎ ብለን ነው።»

«ማን ጠየቀኝ? ልጄ የሚወደው ይህንኑ ነበር። እናንተ በየገናው ጭጭ ስትሉ ነው የሞተበት ቀን የሚመጣብኝ።»

ይህን ብለው ጎጇቸው ገቡ።

ከአያ ደምሌ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እሳቸው ከፈቀዱ ታዲያ ምን ያግዳችኋል?» አልኳቸው።

«እሳቸውስ ፈቀዱ። እኔ ነኝ የሩር ድምፅ የማልችለው። ሰዉም ይህን ያውቃል» አሉኝ አያ ደምሌ።

በዓመቱ ገናም ሜዳው ባዶውን ዋለ። እመት ጥሩነሽ ደጃቸው ተቀምጠው አየኋቸው። ሰላም ብያቸው አለፍኩ። ከዚያ ወደ እስቴ ተዛወርኩ።

ዛሬ አርጅቻለሁ። የእስቴ ሰው እንደ ድሮው ይጫወታል፣ እኔም ሄጄ ከዳር እቀመጣለሁ። አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። ማን እንዳሸነፈ ሳልጠይቅ ቤቴ እገባለሁ።