የኔታ አስረስ ያልጠየቁት ጥያቄ

በቅዳሴ መምህርነታቸው ከትክል ድንጋይ እስከ ጎንደር የሚታወቁት፣ እኛ ተማሪዎቻቸው የኔታ የምንላቸው ቀሲስ አስረስ፣ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሲያገለግሉበት በኖሩት ደብር ቅጽርም ተቀብረዋል። የሞታቸውን ምክንያት ለጠየቀ ሁሉ «ሆዳቸውን አሟቸው ነው» ሲባል ሰንብቷል። እኔ ግን ደብቄ አላለቅሳቸውም። የኔታን የገደላቸው ለብዙ ዓመታት አብሯቸው የኖረው የሆድ ድርቀት ነው። በአደባባይ ሲጠሩት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ እርሳቸውም «ከይቅርታ ጋር» ሳይሉ አንስተውት አያውቁም።

ዜማ ሲያስተምሩን መቋሚያቸውን ሆዳቸው ላይ ደግፈው ይጎነበሱ ነበር። አዲስ ተማሪ ትሕትና ይመስለዋል። ቁርጠቱ ሲጠናባቸው ግንባራቸው በላብ ይርሳል እንጂ ዜማውን አያቋርጡም። የመጣላቸውን ምግብ ለእኛ ያሳልፉና «ብሉ እንጂ! የኔስ ጎተራ ሞልቷል፤ ገዥ ነው የጠፋ» ይሉናል። እየሳቅን እንበላ ነበር።

ጠበሉም፣ ተልባውም፣ ኮሶውም ተሞከረ። ተልባው ነፋቸው እንጂ አልፈታቸውም፤ ኮሶው ደግሞ አልጋ ላይ ጣላቸው። በመጨረሻ እኔ በምሠራበት በጎንደር ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ በራጅ የሚታይ ምልክት ያለበት እንክብል አስውጣ ተከታተለችው፤ ከቀናት በኋላም ገና አንጀታቸው ውስጥ ነበር።

«የኔታ፣ ትልቁ አንጀትዎ መግፋት አቅቶታል» አለቻቸው።

«ሰነፍ ተማሪ በአለንጋ ይነሣል። ሰነፍ አንጀት በምን ይነሣል?»

በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ በየጠዋቱ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። ቀዳሽ ግን ውሃ ሳይቀምስ ነው መቅደስ የሚገባው። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ይወስዱት ጀመር። ጥቂት ወራት ተሻላቸው፤ ኋላ እርሱም አቃተው። የቀረው የሰነፈውን አንጀት በቀዶ ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ነበር። ቁስሉ እስኪድን ለወራት፣ ምናልባትም እስከ ዕድሜ ልክ፣ ሰገራቸው በሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት ሊወጣ እንደሚችል ሐኪሟ አልደበቀቻቸውም።

የኔታ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከረጢቱን ታጥቄ መቅደስ እገባለሁ?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ የኔታ። የሚያውቁ አባቶችን ይጠይቁ።»

አልጠየቁም። «የንስሐ አባትዎ ዘንድ እንሂድ» ብዬ ብለምናቸው፣ «ሥርዓቱን የማስተምር እኔ አይደለሁ? የማውቀውን ምን እጠይቃለሁ?» አሉኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን አዝነው፣ አመዛዝነው ይፈርዱ ነበር። በራሳቸው ላይ ግን ወዲያው ፈረዱ፤ ከረጢት ታጥቆ መቅደስ አይገባም ብለው ቀዶ ሕክምናውን ተዉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ አምርረው አለቀሱባቸው። «ምነው አንቱ! ደጅ ቆመው ቢያስቀድሱ ምን አለ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ቆሜ አይደል!» የኔታ አንገታቸውን ደፉ።

ያ ቅዳሜ ሲነጋ አንጀታቸው ተጠማዝዞ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። እኔም ለሰንበት ከእነርሱ ዘንድ ነበርኩ። ወደ ጎንደር በምትሮጠው መኪና ውስጥ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ ያዝኳቸው። እጄን ጨብጠው፣ «ልጄ፣ ንገራቸው፤ ይቅደዱኝ። ደጅ ቆሜ አስቀድሳለሁ» አሉኝ። ሐኪሞቹ ጋ ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ያንኑ ጥያቄ የንስሐ አባታቸውን ጠየቅኳቸው። «ምነው ሳይጠይቀኝ! እስኪድን ከመቅደስ ይቆይ፣ ካልሆነም ወንበሩን ዘርግቶ ያስተምር እለው ነበር» አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም መጽናናት አልቻልኩም፤ እስካሁንም አልቻልኩም።

የኔታ፣ ሰው ሁሉ «ለመቅደሱ ኖረው ለመቅደሱ ሞቱ» እያለ ያመሰግንዎታል። ለእኔ አይዋጥልኝም። የቅዳሴ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ተማሪዎችዎ ወደየአገራቸው ተበትነዋል፤ ወይዘሮ የሺም እህል አልቀምስ ብለዋል። እግዚአብሔር ነፍስዎን ከአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ከእንግዲህ አይመምዎት። ደኅና ይሁኑ፣ የኔታ። እሑድ ደጅ ቆሜ አስቀደስኩ። አጠገቤ ለእርስዎም የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበር።