የአጎቴ ቅስት

ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬም እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሣር ሣር የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ የነበረው ግቢያችን ከነሰዎቹ ተነሥቶ ይመጣብኛል።

አባዬ የታሪክ መምህር ነበር። በበጋ፣ እራት እስኪቀርብ፣ ዳር ዳሩ ከተበላ መጽሐፍ ላይ ፈረንጆች በመካከለኛው ዘመን የሠሩትን የድንጋይ ገዳም ሥዕል እያሳየ ይተርክልኝ ነበር። የገዳሙ በሮች እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ግን ትንንሽ ነበሩ። «ለምን ትንንሽ ሆኑ?» ስለው፣ «ጣሪያውም ድንጋይ ነዋ! ከብዶ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ መስኮት ካበዙበት ይፈርሳል» ይለኝና፣ የጀመሩት መነኮሳት ፍጻሜውን ሳያዩ እንዳለፉ፣ ከኋላ የመጡት እንደጨረሱት ያወራኝ ነበር።

አብሮን የሚኖረው የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ደምሴ፣ ግንበኛ ነበር። የሚሠራው ግንብ ተንዶ እግሩን ከሰበረው ወዲህ ግን፣ እግሩ ድኖ እንኳ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላኖረም፤ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ሲያይ ይውል ነበር። እማዬ «ይሄ ልጅ እንዲህ ተቀምጦ ሊቀር ነው» እያለች በድብቅ ታለቅስ ነበር። አባዬ በልግ ሲገባ ድንጋይ በጋሪ አስመጣና የግቢያችን በር እንደ ገዳሙ ከላይ በጎበጠ የድንጋይ ቅስት እንደሚሠራ ነገረን።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ቅስት ሠርቼ አላውቅም» አለ አጎቴ።

«እኔም አላውቅ። አብረን እንሳሳታለን።»

ተሳሳቱም። ቅስቱ እስኪደርቅ የሚሸከም ጣውላ ስላልነበረን፣ ጎረቤታችን አቶ ዳንጊሶ፣ የሲዳማን የቀርከሃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ አጉብጠው፣ በእንጨት ላይ አቆሙልንና ድንጋዩ በላዩ ተደረደረ። አባዬና አጎቴ ግን የግራና የቀኙን ግድግዳ እንደ ሰፈሩ አጥር ቀጭን አድርገውት ኖሮ፣ ክብደቱ ሲበረታ ወደ ውጭ ማዘንበል ጀመረ። አባዬ ራሱን ይዞ «ስተርከው ከርሜ ረሳሁት!» አለ። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ሲያባራ እየወጡ፣ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ እየቆለሉ ሲያወፍሩት ከረሙ፤ ሲጨርሱ የእማዬ የጎመን መደብ ግማሹ ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል።

«መምህር፣ ይሄ በር ነው የዝሆን እግር?» አሉ አቶ ዳንጊሶ።

«ገዳም ነው» አለ አባዬ ኮራ ብሎ።

«ታዲያ የወንድ ገዳም ከሆነ፣ ባለቤትዎ የት ሊያድሩ ነው?»

ስለ ጎመኗ ያኮረፈችው እማዬ እንኳ ሳታስበው ሳቀች።

መስከረም ጠባ። አሁን አንድ ሰው ከቅስቱ ሥር ገብቶ ድጋፉን መቁረጥ ነበረበት፤ ከተናደ የሚናደው በእሱ ላይ ነው። አባዬ ገጀራውን አንሥቶ ሲራመድ አጎቴ ከእጁ ነጠቀው።

«ያንተ እጅ ለጠመኔ ነው፤ ሁላችሁም ወዲያ በሉ!»

ገባ። እማዬ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችው፣ እኔ ግን በስሱ ጨርቅ ውስጥ አይ ነበር። አንዱን የድጋፍ እንጨት ቆረጠ፣ ሌላውን ቆረጠ፣ ቀርከሃው ተፈናጥሮ ወጣ፤ ቅስቱ ጓ ብሎ፣ አቧራ አራግፎ፣ ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። አጎቴ ግን መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ እዚያው ቀረ።

«ውጣ እንጂ አንተ!» ጮኸች እማዬ።

«ቆይ እትዬ፤ ቆሟል እኮ!» አለ እየሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ የብረት በር ነው፤ የእኔም ቤት እንደዚያው፣ አላማርርም፣ ክፉ ነገር አይደለም። ያኔ ግን አንድ ሰው ከተቀመጠበት እንዲነሣ ተብሎ ቤቱ ሁሉ፣ ጎረቤት ሳይቀር፣ ከበልግ እስከ መስከረም ድንጋይ ያነሣ ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች መሐል ስላደግሁ ተመስገን እላለሁ።

አጎቴ በሳምንቱ ማለዳ ተነሥቶ፣ ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ አዲስ ቤት ወደሚሠራበት ቦታ ሄዶ ሥራ ጠየቀ። ማታ ጫማው በሲሚንቶ ነጥቶ ተመለሰና፣ እጁን ታጥቦ እራቱን በላ።